ሳያውቁ መፍረድና ሳይቀምሱ መፍረድ

በሰው ሥራ ላይ መፍረድ ጥንትም ቢሆን ቀላል ነገር አልነበረም። በዛሬው ዘመን ግን ዳኛው በቴሌቪዥን ቀርቦ ስለ አንድ ሳሕን ምግብ እንኳ ቃሉን ሲሰጥ፣ ተመልካቹ ሁሉ በተራው በዳኛው ላይ ዳኛ ሆኖ ይቀመጣል። ነገሩ የወጥ ቤት ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እኛ ግን ለተማሪውና አዲስ ወንበር ለያዘው ወጣት ሹም የሚሆን ትምህርት ስላገኘንበት እናነሣዋለን።

በ2018 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ቢቢሲ በሚታየው «ማስተርሼፍ» በተባለው የምግብ ሥራ ውድድር አንዲት የማሌዥያ ተወላጅ ቀርባ ነበር። በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ሠርታ ከጎኑ የዶሮ ሬንዳንግ አቀረበች። ሬንዳንግ ማለት በብዙ ቅመምና በኮኮናት ወተት፣ መረቁ እስኪመጥና ሥጋው እስኪለሰልስ ድረስ በዝግታ የሚበስል ወጥ ነው። ከሁለቱ ዳኞች አንዱ፣ ግሬግ ዋላስ፣ ጣዕሙን እንደወደደው ከተናገረ በኋላ የዶሮው ቆዳ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ስላልሆነ አይበላም አለ። ሴትዮዋም ከውድድሩ ወጣች።

ይህ ቃል በተሰማ ጊዜ በማሌዥያ ታላቅ ቁጣ ተነሣ። የሬንዳንግ ባለቤት እኔ ነኝ እያሉ ሲከራከሩ የኖሩት የማሌዥያና የኢንዶኔዥያ ሰዎች ለአንድ ጊዜ በአንድ ድምፅ ተናገሩ። ምርጫ ተቃርቦባቸው የነበሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ናጂብ ራዛክ ሳይቀሩ ሬንዳንግን እንዲህ አድርጎ የሚበላ ሰው አለን ሲሉ በትዊተር ጠየቁ። በዚያ አገር የነበሩት የእንግሊዝ መንግሥት እንደራሴም ሬንዳንግ ከቶ አይንኮሻኮሽም ብለው ከሕዝቡ ጋር ወገኑ።

እኛም ቁጣው መሠረት አለው እንላለን። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። እናቶቻችን ለዶሮ ወጥ ዶሮውን ቆዳውን ገፈው፣ ብልቱን አውጥተው፣ በሎሚና በጨው ደጋግመው ያጥቡታል። አንድ እንግዳ ዳኛ ቀምሶ «ወጡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተጠበሰው ቆዳ የት አለ?» ቢል ምን እንለዋለን? የፈረደው በቀረበለት ወጥ ላይ ሳይሆን በሐሳቡ በያዘው በሌላ ምግብ ላይ ነው። ጤፍ በክንድ አይለካም፤ አቡጀዲም በቁና አይሰፈርም።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁለተኛ ፊት አለው። ሌላው ዳኛ ጆን ቶሮድ በዚያው ገበታ ላይ ዶሮው እስኪለሰልስ ድረስ ለመብሰል ጊዜ አላገኘም ብሎ ነበር። ይህ ነቀፌታ ከሬንዳንግ ከራሱ ሥርዓት የተነሣ ነው። ዋላስም ቆይቶ፣ ይጠበስ ማለቴ አይደለም፤ አልበሰለም ማለቴ ነው ሲል አስረዳ። ሕዝቡ ግን የሁለቱን ቃል ሳይለይ በአንድነት ኰነናቸው። ዶሮው በስሎ ነበር ወይስ አልበሰለም? ይህን የሚያውቁት የሠራችውና የቀመሱት ብቻ ናቸው፤ ከባሕር ማዶ የተቆጣው ሕዝብ አንዲት ጉርሻ አልቀመሰም። ቶሮድ ደግሞ ምናልባት ሬንዳንግ የኢንዶኔዥያ ይሆናል ብሎ በትዊተር በማላገጡ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነ።

እንግዲህ ጥፋቱ ሁለት ነው፤ ሳያውቁ መፍረድና ሳይቀምሱ መፍረድ። ሁለቱም በእኛ መካከል ይገኛሉ። ከገጠር የመጣ ባለጉዳይ ማመልከቻውን ሲያቀርብ፣ አጻጻፉ በትምህርት ቤት እንደተማርሁት አይደለም ብሎ ፍሬ ነገሩን ሳይመረምር የሚመልስ ወጣት ሹም፣ በሬንዳንግ ላይ የተጠበሰ ቆዳ የሚፈልግ ዳኛ ነው። ስለ አንድ ፈተና ወይም ስለ አንድ ውሳኔ የወሬ ቁራጭ ሰምቶ፣ ሰነዱን ሳያይ፣ መምህሩን ወይም ኃላፊውን የሚያወግዝ ተማሪም ያልቀመሰውን የሚፈርድ ተመልካች ነው።

በምግብ ውድድር የተበደለ ሰው ነገ ሌላ ድስት ይጥዳል። በቢሮ ደጃፍ የተበደለው ግን መሬቱን፣ ጡረታውን ወይም የልጁን ትምህርት ያጣል። ስለዚህ ወንበር የያዘው አስቀድሞ መለኪያውን ይወቅ፤ በወንበሩ ላይ የሚጮኸውም አስቀድሞ ነገሩን ይቅመስ።