ድስቱ ከምን ተሠራ?

«ቁራሌው!» የሚለው ጥሪ ሰፈር ውስጥ ሲሰማ ከየቤቱ የማይወጣ ነገር የለም። የተሰነጠቀ ብረት ድስት፣ የተበላሸ ራዲዮ፣ ከድሮ መኪና የተረፈ ራዲያተር፣ ያለቀለት ባትሪ። ዋጋው በክርክር ይቆረጣል፣ ዕቃው በጆንያ ይታሰራል፣ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከፊሉ ማቅለጫ ይገባል። ከዚያም አብረቅርቆ፣ ክዳን ተገጥሞለት፣ ወደዚያው ሰፈር ሊመለስ ይችላል። በዚህኛው ዙር ግን የሚጣደው ምድጃ ላይ ነው።

አንዲት እናት ገበያ ወርዳ ድስት ስትመርጥ የምታደርገው ይታወቃል። በጣቷ ታንኳኳዋለች፣ አንስታ ክብደቱን ትለካለች፣ ቂጡን ገልብጣ ታያለች፣ ከዚያ ዋጋ ትከራከራለች። ይህ ሁሉ ሞኝነት አይደለም። ቁሌት ረጅም ሰዓት የሚበስልበት ቤት ቀጭን ድስት ሽንኩርቱን ያሳርራል፤ ወፍራሙ ሙቀቱን አዳርሶ ይይዛል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ክብደትም፣ ድምፅም፣ ብልጭታም ብረቱ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ አይናገሩም።

ከሚቀላቀሉት ነገሮች ዋናው አሳሳቢ እርሳስ ነው። ራዲያተር የሚበየድበት ብየዳ እርሳስ ይኖረዋል፤ የመኪና ባትሪም ዋና አካሉ እርሳስ ነው። ይህ ቁርጥራጭ ከአሉሚኒየም ጋር አብሮ ሲቀልጥ «እሳት ያነጻዋል» ብሎ የሚያስብ አይጠፋም። አያነጻውም። አሉሚኒየም የሚቀልጠው በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርሳስ ከዚያ ቀድሞ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ለመፍላት ግን ከ1,700 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ተንኖ አይጠፋም፤ እዚያው ቅይጡ ውስጥ ይቀራል። ድስቱ ውስጥ ቲማቲም፣ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያለበት ምግብ ሲፈላ፣ ይባስ ብሎም እዚያው ሲያድር፣ ትንሽ በትንሽ ወደ ምግቡ ይወጣል።

ይህ ግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 አገሮች የተሰበሰቡ የአሉሚኒየም ማብሰያዎችን ፈትሾ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለጤና የሚያሰጋ እርሳስ ወደ ምግብ ሊለቅ እንደሚችል አሳይቷል። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት የጤና ሠራተኞች ከአፍጋኒስታን በመጡ ስደተኛ ሕፃናት ደም ውስጥ ከፍ ያለ እርሳስ አገኙ። ምንጩን ሲፈልጉም ቤተሰቦቹ ከሚጠቀሙባቸው የአሉሚኒየም ድስቶች ላይ ደረሱ። ግዛቱ በ2024 በማብሰያ ዕቃዎች ውስጥ ያለውን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በ2025 ደግሞ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እርሳስ ስለሚለቁ ከውጭ የገቡ ማብሰያዎች ሕዝቡን አስጠንቅቋል።

«እኛም፣ እናቶቻችንም በዚሁ በልተን አድገናል፤ ምን ሆንን?» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። እርሳስ ግን እንደ ተበላሸ ምግብ በማግስቱ ሆድ አይቆርጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የማያስከትል የታወቀ የእርሳስ መጠን የለም ይላል። ሕፃናት ወደ ሆዳቸው ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚያስገቡት ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። አጥንት ውስጥ የተጠራቀመው በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ወጥቶ ለፅንሱ ይደርሳል። ጉዳቱ የሚታየው በሕፃኑ ትምህርት አቀባበልና ጠባይ ላይ ነው። «ይህ ልጅ ሰነፍ ነው» ተብሎ ሲገረፍ ማንም ወደ ድስቱ ዞር ብሎ አያይም።

ታዲያ ይጣል? ሁሉም ሰው የማይዝግ ብረት ይግዛ? አቅሙ ያለው ቢገዛ መልካም ነው፤ በዋሽንግተኑ ፍተሻ የማይዝግ ብረት ዕቃዎች የለቀቁት እርሳስ በጣም ያነሰ ነበር። ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶች በሻንጣቸው የሚያመጡት የማያጣብቅ መጥበሻም ያገለግላል። እሱን ግን ባዶውን እሳት ላይ መርሳት፣ በብረት ማንኪያ መፋቅም አይገባም፤ ልባሱ ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል። ድፎ ዳቦ ለሚጋግር ደግሞ ኮባው ሊጡን ከብረቱ ይለየዋል። ብረት ድስት ብቻ ያለው ቤት ቢያንስ ስልሱንና ሎሚ የነካውን ምግብ እዚያው ባያሳድር፣ ሲበስል ወደ ሌላ ዕቃ ቢገለብጥ ይጠቀማል።

ነገር ግን ጉዳዩን በሙሉ ለገዢዋ ጥንቃቄ መተው ፍትሕ አይደለም። በዓይን የማይታየውን በምን ትመርጠው? አቅላጩንም ጠላት ማድረግ አይገባም። የወደቀ ብረት አንስቶ እንጀራ የሚያበላ ሰው ነው፤ ሥራው ቢዘጋ ድስቱ ይወደዳል፣ እሱም ከነቤተሰቡ ይራባል። ከእሱ የሚጠበቀው ራዲያተሩንና ባትሪውን ከድስት ማቅለጫው መለየት ነው። ይህን እንዲያደርግ ደግሞ የሚያስተምረውና የሚቆጣጠረው አካል ያስፈልጋል።

መንግሥት በዚህ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን 90 እጅ ላይ ገድቦታል። ልጅ የሚኖርበትን ግድግዳ ለመጠበቅ ደንብ ከወጣ፣ በቀን ሦስቴ የሚበላበት ድስት እንዴት ይዘነጋል? ብረት ውስጥ ያለውን እርሳስ በደቂቃዎች የሚለይ በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ አለ። የደረጃዎች ኢንስቲትዩትና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጋራ ገበያ ወርደው ድስቶችን ቢፈትሹ፣ ውጤቱንም ለሕዝብ ቢያሳውቁ፣ እያንዳንዱ ድስት የሠሪውን ምልክት እንዲይዝ ቢያደርጉ አገሪቱን የሚያከስር ወጪ አይደለም።

እስከዚያው ግን አንድ ትልቅ ገዢ አለ፦ እድር። የእድር ዕቃ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ትልቅ ድስት በየለቅሶውና በየድግሱ መቶዎችን ያበላል። ድንኳንና ወንበር ሲገዛ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ ዋጋ አወዳድሮ፣ ደረሰኝ የሚጠይቅ ማኅበር ድስት ሲገዛም ከምን እንደተሠራ ሊጠይቅ ይችላል። አንዲት እናት ብቻዋን «ይህ ከምን ተሠራ?» ብላ ብትጠይቅ ነጋዴው ይስቅባት ይሆናል። የሰፈሩ እድሮች ሁሉ ጠይቀው፣ መልስ ካላገኙ አንገዛም ቢሉ ግን ነጋዴው ጥያቄውን ወደ አከፋፋዩ፣ አከፋፋዩም ወደ አቅላጩ ይወስደዋል።

ልጁ ድስት አይመርጥም። የቀረበለትን ይበላል።