የስልክ መብራት ከተራራ አያወርድም

ባለፈው መስከረም አደይ አበባ እናያለን ብለን የረር ተራራን ለመውጣት ከተሰባሰብን ሃያ ምናምን ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አውቶቡሱ አርፍዶ መጣ። ቁርስ ላይ ጊዜ ሄደ። ጫፍ ላይ ደግሞ ፎቶ አለ። መውረድ ስንጀምር ከቀኑ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ገና ቁልቁለቱ መሃል ላይ ነን፤ ከፊቴ የሚሄደው ሰው ጀርባ እንኳን አይታየኝም።

አስተባባሪያችን "ችግር የለም፣ ሁላችሁም ስልካችሁን አብሩ" አለ። አበራን። በአንድ እጃችን ስልክ፣ በሌላው ቁጥቋጦ ይዘን ቀጠልን። ብዙም ሳንሄድ አንዲት እህታችን እርጥብ ድንጋይ አዳልጧት ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። አውቶቡሱ ወደ ተራራው ግርጌ እንዲጠጋልን መደወል ነበረብን። ነገሩ የገባን ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ፎቶ ሲያነሳ የዋለ ስልክ፣ ማታ መብራት ሆኖ ሲያገለግል፣ ለጥሪ ሲፈለግ አልቋል። የሹፌሩ ቁጥር ያለው አስተባባሪው ስልክ ላይ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠፍቷል። ተጋግዘን ተሸክመናት ወረድን። እግሯ አልተሰበረም፣ ተመስገን። ግን የተረፍነው በዕድል እንጂ በዝግጅት አልነበረም።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። የግንባር ባትሪ የሌለው ሰው፣ ጉዞው የቀን ቢሆንም፣ ተራራ መውጣት የለበትም። ይህን ሳይፈትሽ ሰው ጭኖ የሚሄድ አዘጋጅም ሥራውን አልሠራም።

"የቀን ጉዞ ነው፣ ባትሪ ምን ያደርጋል?" የሚል አይጠፋም። እኛ የምንኖረው ለምድር ወገብ ቅርብ ነው። እንደ አውሮፓ በጋ ብርሃኑ ለሰዓታት እያመነታ አይሄድም። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሬቱን በደንብ የምታዩበት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ወይም ገደላማ ቦታ ከሆነ ከዚያም ያንሳል። አንድ የተበላሸ መኪና ወይም አንድ የደከመ ሰው የቀን ጉዞን የማታ ያደርገዋል።

እሺ፣ ምን እንግዛ?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ሉመኑን ነው። ሱቅ ውስጥ ርካሽ ባትሪ ካርቶን ላይ የሚጻፈውን አስደናቂ ቁጥር እርሱት። በእግር ለመሄድ ከ100 እስከ 200 እውነተኛ ሉመን ይበቃል። ኮረኮንች ላይ ለሚሮጥ ሰው 300 አካባቢ ጥሩ ነው፤ በሩጫ ፍጥነት ድንጋዩን ቀደም ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ከሉመኑ ይልቅ ስንት ሰዓት እንደሚያበራ ጠይቁ። እዚህም ላይ ወጥመድ አለ። በተለመደው የባትሪ መለኪያ መሠረት ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሰዓት የሚቆጠረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። "8 ሰዓት" የሚል ባትሪ 8 ሰዓት ሙሉ እንደ መጀመሪያው አያበራም ማለት ነው። የመጨረሻዎቹን ሰዓታት በጭላንጭል ልትሄዱ ትችላላችሁ። ከምትፈልጉት ሰዓት ቢያንስ እጥፍ የሚለውን ምረጡ።

ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት ማታውኑ ሙሉት፤ መብራት ሊጠፋ እንደሚችል የምናውቀው እኛው ነን። በድንጋይ የሚሠራ ከሆነ አዲስ ትርፍ ድንጋይ ያዙ። ብርድ የባትሪን ጉልበት ይቀንሳል። ስሜን ተራሮች ላይ ወደ ራስ ዳሸን ሌሊት የምትነሱ ከሆነ ትርፉን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ሰውነታችሁ አጠገብ፣ ጃኬት ውስጥ አስቀምጡት።

አጠቃቀሙም ዕውቀት ይፈልጋል። ግንባር ላይ ያለ መብራት ከዓይናችን ጋር አንድ አቅጣጫ ስለሚይዝ የድንጋዩን ጥላ ይደብቃል፤ መሬቱ ሜዳ ይመስላል። ቁልቁለት ላይ አውልቃችሁ በእጃችሁ ወገብ አካባቢ ብትይዙት ጉብታው ሁሉ ይታያል። በክረምት የእንጦጦ ጭጋግ ውስጥም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ግንባር ላይ ካለ ብርሃኑ ጭጋጉን መትቶ ዓይናችሁን ይጋርዳል። ከሰው ጋር ስታወሩ ደግሞ ወደ መሬት ዝቅ አድርጉት። ዓይን ላይ የበራ ሰው እንደገና ጨለማውን እስኪለምድ ብዙ ደቂቃ ይፈጅበታል።

የሩጫ ወዳጆቼን ልርሳ እንዴ? ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ጥቁር ቱታ ለብሰው አስፋልት ዳር የሚሮጡ ልጆች ሁሌ ያስጨንቁኛል። ለእነሱ መብራቱ ከማየት በላይ ለመታየት ነው። መብራት ያዙ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያያችሁ ሩጡ።

"መብራት ሌባ ይጠራል፣ ጅብ ያመጣል" የሚሉኝ አሉ። የሌባውን ስጋት አልንቅም፤ መልሱ ግን ብቻ አለመሮጥ ነው እንጂ በጨለማ መደናበር አይደለም። ጅቡ ደግሞ ሳታበሩም ያያችኋል። ስታበሩ ቢያንስ ዓይኑ ሲያንጸባርቅ እናንተም ታዩታላችሁ።

አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነበር። መጨረሻውን የሮጠው በጨለማ ነው፤ በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ችቦ የያዙ ወታደሮች ቆመው ያበሩ ነበር። ለእሱ ብርሃን የያዘለት ሰው ነበር። የረር ላይ ለእኛ ችቦ ይዞ የሚቆም የለም።

ለአዘጋጆች ያለኝ ጥያቄ ቀላል ነው። "ውሃ፣ ኮፍያ፣ ምሳ" ብላችሁ በምትጽፉት ዝርዝር ላይ የግንባር ባትሪ ጨምሩ። አውቶቡስ በር ላይ አብሩ ብላችሁ እዩ። ለረሳ ሰው የሚሆን ጥቂት ትርፍ ያዙ። የሹፌሩን ቁጥር ቢያንስ ለሦስት ሰው ስጡ። የመመለሻ ሰዓት ወስኑ፤ ጫፉ ላይ ባይደረስም ሰዓቱ ሲሞላ ተመለሱ። ከአንድ ጥንድ የሩጫ ጫማ ዋጋ ጋር ሲተያይ የባትሪው ወጪ ትንሽ ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን፣ ሰው ሳይጎዳ እንነጋገርበት። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተራራ የሚወጣ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ላኩለት። ስልኩንም ለጥሪ ያቆየው።