ቦታውን በጥር ብቻ አትዩት

ከከተማ ወጣ ብለን ቦታ የምናየው ብዙ ጊዜ በበጋ ነው። መንገዱ ደረቅ ነው፤ ልጆቹም የሚሯሯጡበት ሜዳ አግኝተዋል። ወዲያው ሳሎኑ ወዴት ይዙር፣ በረንዳው የት ይሁን እንባባላለን። የሽንት ቤቱ ፍሳሽ የት ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የሚያሳፍር ጥያቄ ይመስለናል መሰለኝ።

ሱሉልታ አካባቢ የሠሩ የማውቃቸው ባልና ሚስት ይህን የጠየቁት ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሴፕቲክ ታንኩ በተረፈው ጥግ ተቆፈረ። በመጀመሪያው ሐምሌ የሻወሩ ውኃ አልወርድ አለ፤ በነሐሴ ወደ ላይ ይመለስ ጀመር። መጣጭ መኪና ጠሩ፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የውኃ ጉድጓዳቸው ከማስረጊያው 12 እርምጃ ያህል ቁልቁል መሆኑ ነበር።

ጥፋቱ የታንኩ አልነበረም። ታንክ ዝቃጩን ያስቀራል እንጂ ውኃውን አያጠፋውም፤ ውኃው ወደ ማስረጊያው አልፎ አፈሩ ሊጠጣው ይገባል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉ ሜዳማ ቦታዎች የሚበዛው መረሬ አፈር ደግሞ አታላይ ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል፤ ያኔ አንድ ባልዲ ውኃ ብታፈሱበት በስንጥቁ ገብቶ ይጠፋና «እንዴት ያለ አፈር ነው!» ያሰኛል። ሲርስ ግን ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ውኃም አያሳልፍም።

ስለዚህ ማስረጊያው በሚሆንበት ቦታና ጥልቀት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጉድጓድ አስቆፍሩ። ውኃ ሞልታችሁ አሳድሩት፤ መረሬ ከሆነ ሁለት ሌሊት ይቆይ። ከዚያ 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ጨምራችሁ ሰዓት ያዙ። 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከ60 ደቂቃ በላይ ከፈጀ ተራ ማስረጊያ አያዋጣም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከወረደም ደስ አይበላችሁ፤ ፍሳሹ ሳይጣራ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይደርሳል። ሁለት ሜትር ያህል የጠለቀ ሌላ ጉድጓድም አስቆፍሩና (ልጆቹን አርቁ) ግድግዳውን እዩ። ግራጫና ዝገት የመሰለ ዝንጉርጉር ካለበት፣ ዛሬ ደረቅ ቢሆንም በክረምት ውኃ እዚያ ድረስ ይወጣል ማለት ነው።

ከገበሬ በውል «ስለተገዛ» መሬት አላወራም፤ መሬት እንደማይሸጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል። ይዞታው ሕጋዊ ከሆነ ግን የአፈር ምርመራው ከዲዛይኑ ይቅደም። ለግንባታ ፈቃድ የሚቀርበው የሳኒተሪ ፕላን ከሌላ ሰው ቤት የተገለበጠ እንዳይሆን ጠይቁ። ታንኩ፣ ማስረጊያውና የመጣጭ መኪናው መግቢያ በእናንተው ቦታ ላይ ተለክተው ይሣሉ። የውኃ ጉድጓድ ካለ፣ የጎረቤትም ቢሆን፣ ከማስረጊያው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። 10 በ20 በሆነ 200 ካሬ ላይ ይህ ርቀት ከጥግ እስከ ጥግ እንኳ አይገኝም። እንግዲህ ወይ የውኃ ጉድጓዱን መተው፣ ወይ ፍሳሹን በማያስገባ በማያስወጣ ታንክ አጠራቅሞ ማስመጠጥ ነው፤ የመጣጩንም ሂሳብ ከወር ወጪያችሁ ጋር ደምሩት።

ባልና ሚስቱ የውኃ ጉድጓዳቸውን ዘግተው ውኃ በቦቴ ያስመጣሉ። ሐምሌና ነሐሴን ከነልጆቻቸው ከተማ፣ እናቷ ቤት ይከርማሉ።