«ጨዋታ ነው፤ ተነሺ!»

በኮሌጅና በዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ አንዲት ተጫዋች ተገፍታ ስትወድቅ ከዳር የሚሰማው ቃል ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ጨዋታ ነው፤ ተነሺ!» ቃሉ ከተመልካች ብቻ አይመጣም። አሰልጣኙም ይለዋል፤ የወደቀችው ልጅ ጓደኞችም ይሉታል፤ ፊሽካውን ያልነፋው ዳኛም በዝምታው ያጸድቀዋል። ከቃሉ ጀርባ ሁለት እምነቶች አሉ። አንደኛው ፊሽካ ሲበዛ ጨዋታ ይበላሻል የሚል ነው። ሁለተኛው ሴቶች ቢገፋፉም ሰው የሚጎዳ ጉልበት የላቸውም የሚል ነው። ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ዋጋቸውም የሚከፈለው በልጆቹ ቁርጭምጭሚትና ጉልበት ነው።

እምነቱ ሥር አለው። በወሎ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ ዙሪያ እስከ አምባሰል ባለው አገር፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ የአደባባይ ጨዋታ ሲባል ለብዙ ዘመን ቀድሞ የሚታሰበው ገና ነበር። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይያዛል፣ ሩር የምትባለው ኳስ ትለጋለች፤ የተጫዋቹ ቁጥር አይወሰንም፣ የሜዳው ዳር አይሰመርም። በገና ዕለት አሽከር የጌታውን ቅልጥም ቢመታ ጌታው መቆጣት አይገባውም። በዓመት አንድ ቀን ደረጃ የሚፈርስበት ይህ ልማድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ቁጣን የሚከለክለው ጉልበት ያለውን፣ ሊበቀል የሚችለውን ሰው ነው። ልማዱ ወደ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ሲሻገር ተገልብጧል፤ የተመታችውን ዝም ማሰኛ፣ የመታችውን ነፃ ማውጫ ሆኗል። በዚያ ላይ ገና የወንዶች ጨዋታ ነበር። ሴት ልጅ «ጨዋ ሁኚ፣ ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» እየተባለች ነው ያደገችው። እንዲህ ያደገች ልጅ ለዳኛ አቤት ማለት ነውር ይመስላታል።

ቅርጫት ኳስ ደግሞ ከመጀመሪያውም ይህን ዓይነት ግብግብ ለማስቀረት የተፈጠረ ጨዋታ ነው። ጄምስ ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ጨዋታውን ሲያወጣ ያሰበው በቤት ውስጥ፣ በጠንካራ ወለል ላይ፣ ሰው ሳይሰባበር የሚጫወቱትን ነገር ነበር። ሰው ሰውን ጠልፎ የሚጥለው ኳስ ይዞ የሚሮጥን ለማስቆም መሆኑን አስተዋለ፤ ስለዚህ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ። ኃይለኛ ምት እንዳይጠቅም ግቡን ከራስ በላይ ሰቀለው። ከ13ቱ ሕጎቹ አምስተኛው በትከሻ መግፋትን፣ መያዝን፣ መጥለፍንና መምታትን ያግዳል። ሁለተኛ ጊዜ ያጠፋ ተጫዋች የሚቀጥለው ግብ እስኪቆጠር ይወጣ ነበር፤ ሆን ብሎ ሊጎዳ የሞከረ ከሆነ ደግሞ ያለ ቅያሪ እስከ ጨዋታው ፍጻሜ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ፋውል መጥራት ጨዋታውን ያቋርጣል የሚል ሰው ጨዋታው ራሱ በዚህ ክልከላ ላይ መቆሙን ዘንግቷል።

ዳኞች ለዝምታቸው የሚያቀርቡት መከራከሪያ ግን ከተመልካቹ ጩኸት የተሻለ ነው፤ በሚገባ ሊመረመርም ይገባዋል። ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባ በሕጉ፣ አሥር ሰዎች በጠባብ ቦታ በፍጥነት ሲንቀሳቀሱ መነካካት ፈጽሞ እንደማይቀር ይቀበላል። ድንገተኛ ሆኖ ለአንዱ ወገን ጥቅም ያላስገኘ፣ ሌላውንም ያልጎዳ ንክኪ ጨዋታ እንዳያስቆም ዳኞችን ያሳስባል። ይህ ልክ ነው፤ በየንክኪው የሚነፋ ዳኛ ጨዋታ አያውቅም። ችግሩ ሕጉ ለድንገተኛ ንክኪ የሰጠው ፈቃድ ለአደገኛ ንክኪም መዋሉ ላይ ነው። ተጋፍታ የወጣችው ልጅ ኳሱን ስላላጣች ብቻ «ጥቅም አልተወሰደባትም» ይባላል። ግፊያው ሚዛኗን አስቷት፣ ቀጣዩን እርምጃ በተጣመመ እግር ረግጣ ከሆነስ? እሱ በሒሳቡ ውስጥ አይገባም።

ነገሩ ከቅርብ ሲታይ እንዲህ ነው። አንዲት ተጫዋች ከቀኝ በኩል እያነጠረች ገብታ ለሌይአፕ ትዘላለች። ዓይኗ ቀለበቱ ላይ ነው፤ ከእግሯ በታች ያለውን አታይም። ኳሱ ከእጇ ከወጣ በኋላ ተከላካይዋ ግማሽ እርምጃ ወደፊት ትገባለች፤ ክፋት ኖሯት ሳይሆን ቦታ እንድትይዝ ስለተነገራት። የዘለለችው ልጅ ስትወርድ እግሯ በሌላዋ ጫማ ላይ ያርፋል፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውስጥ ይጠመዘዛል፣ መዳፎቿ ሲሚንቶው ላይ ይላጣሉ። ኳሱ ገብቷል። ተመልካች ያጨበጭባል፤ ዳኛው ሁለት ጣቱን አንስቶ ነጥቡን ያጸድቅና ወደ ሌላኛው ቀለበት ይሮጣል። በሕጉ ግን የዘለለ ተጫዋች በተነሳበት ቦታ የማረፍ መብት አለው፤ ከተነሳ በኋላ በማረፊያው መግባት ፋውል ነው። ኳሱ ቢገባም ባይገባም ለውጥ የለውም። በቅርጫት ኳስ በብዛት የሚደርሰው ጉዳት የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው፤ ከዋና መንስኤዎቹ አንዱም እንዲህ በሌላ ሰው እግር ላይ ማረፍ ነው። አንድ ፊሽካ አንድን ጉዳት በቀጥታ ሊከላከል የሚችልበት ቦታ ቢኖር ይህ ነው።

ከሐይቅ ከተማ፣ ከውጫሌ ወይም ከተሁለደሬ ገጠር ተነስታ ደሴ ኮሌጅ የምትገባ ልጅ ጨዋታውን አብዛኛውን ጊዜ የምትለማመደው በሲሚንቶ ወይም በአስፋልት ላይ ነው። እንጨት የተነጠፈበት ወለል ሲወድቁበት ጥቂት ይለምጣል፤ ሲሚንቶ አይለምጥም። ሜዳው በከፋ መጠን ዳኝነቱ መጥበቅ ሲገባው፣ «ሜዳችን እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ» እየተባለ ጭራሽ ይላላል።

ያልተነፋ ፊሽካ የጨዋታውን የውስጥ ሒሳብም ያፈርሳል። በፊባ ሕግ አንዲት ተጫዋች አምስት ፋውል ስትሞላ ትወጣለች፤ አንድ ቡድን በአንድ ሩብ አራት ፋውል ከሞላ በኋላ ደግሞ ሲከላከል ለሚፈጽመው ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ፋውል ሁለት ነፃ ውርወራ ይከፍላል። ገፊዋን የሚገታት ይህ ቁጥር ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ግን ከተመዘገበ ብቻ ነው። ዳኛው አሥር አይቶ ሁለቱን ብቻ ከነፋ፣ መግፋት ለቡድኑ ትርፍ ይሆናል፤ አሰልጣኙም ያንን አስልቶ ያስገፋል። በእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መጀመሪያ የምትጎዳው ቴክኒክ ያላት፣ በፍጥነትና በቅልጥፍና የምትጫወተው ልጅ ናት። አንዳንዴም ሦስት ጊዜ ተገፍታ ዝም የተባለችው በአራተኛው በክርኗ ትመልሳለች፤ ፊሽካው የሚሰማው ያኔ ነው፣ በእሷ ላይ።

«ሴቶች አይጎዳዱም» የሚለው ሁለተኛው እምነት ከዚህ ተቃራኒ ከሚመስለው ከአሮጌው የርኅራኄ ሐሳብ ጋር ዝምድና አለው። ሴንዳ ቤረንሰን እ.ኤ.አ. በ1892 በአሜሪካ ስሚዝ ኮሌጅ ጨዋታውን ለሴት ተማሪዎች ስታስተምር ሜዳውን በሦስት ከፍላ ማንም ከክፍሏ እንዳትወጣ፣ ኳስ ከሌላ እጅ እንዳትነጥቅ ደነገገች። ለዘመኑ ይህም በር ከፋች ነበር። ሆኖም የአሜሪካ ኮሌጅ ሴቶች በአምስት ተጫዋች፣ በሙሉ ሜዳ መጫወት የቻሉት እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። በኦሊምፒክ የሴቶች ቅርጫት ኳስ የገባው እ.ኤ.አ. በ1976 ሞንትሪያል ላይ ነው። አንዱ ሐሳብ ሴቶች ደካማ ስለሆኑ አይነካኩ ይላል፤ ሌላው ደካማ ስለሆኑ ቢነካኩም ግድ የለም ይላል። መነሻቸው አንድ ነው። ውጤታቸውም አንድ ነው፦ ልጆቹ በሰውነት ቦታ መያዝን፣ ግፊያን ተቋቁሞ በሁለት እግር ማረፍን፣ ሕጋዊውን ንክኪ ከፋውል መለየትን የሚያስተምራቸው ያጣሉ።

ደህንነት የሚለው ቃል ራሱ ሴቶችን ከሜዳ ለማራቅ የዋለበት ጊዜም አለ። የሙስሊምና የክርስቲያን ልጆች አንድ ላይ በሚማሩባቸው በሐይቅና በአምባሰል ይህ ሊዘነጋ አይገባም። ፊባ ለረጅም ጊዜ ሂጃብን በጉዳት ስጋት ሰበብ ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በኢንቾን የእስያ ጨዋታዎች ላይ የኳታር ሴቶች ቡድን ሂጃብ አናወልቅም ብሎ ከሞንጎሊያ ጋር ሊያደርገው ከነበረው ግጥሚያ ወጣ። ክልከላው የተነሳው ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። በጨርቅ ላይ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ስፖርት በፊት ላይ ለሚያርፍ ክርን ዝም ሊል አይችልም።

እርግጥ ሁሉም ጉዳት ከመነካካት አይመጣም፤ ይህን መሸሸግ ክርክሩን አይጠቅምም። ሴት ተጫዋቾችን ለወራት ከሜዳ የሚያርቀው የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ማንም ሳይነካ፣ ከዝላይ ሲታረፍ ወይም ድንገት አቅጣጫ ሲቀየር ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የተሰበሰበው መረጃ በቅርጫት ኳስ ሴቶች ከወንዶች ሁለትና ሦስት እጥፍ በላይ ለዚህ ጉዳት እንደሚጋለጡ ያሳያል። ለዚህ መፍትሔው ፊሽካ ሳይሆን ሥልጠና ነው፤ ጉልበትን ወደ ውስጥ ሳያጥፉ ማረፍ፣ የጭንና የዳሌ ጡንቻ ማጠንከር፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ለሃያ ደቂቃ ያህል ይህንኑ ማሟሟቂያ ማድረግ። ምንም ዕቃ አይጠይቅም። ብዙ አሰልጣኝ ግን ማሟሟቂያ ማለት ሜዳውን ሦስት ጊዜ መዞር ነው ብሎ ያምናል።

«ተነሺ» የሚለው ቃል ትልቁን ጥፋት የሚያደርሰው ከውድቀቱ በኋላ ነው። ወለም ያላት ልጅ ተነስታ እያነከሰች ትጫወታለች፤ ማታ እግሯ ሲያብጥ ወደ ወጌሻ ትወሰዳለች። በኢትዮጵያ ስታዲየሞች የቡድን ሕክምና ባለሙያም ወጌሻ መባሉ ሙያው ምን ያህል እንደሚታመን ያሳያል፤ የአገር ወጌሻም የወለቀ ትከሻ በመመለስ የተመሰገነ ነው። የተሰነጠቀ አጥንትን ማሸትና መጎተት ግን ያባብሰዋል፤ ከመጠን በላይ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ደም አግዶ እጅና እግር እስከ መቆረጥ የሚያደርስ መሆኑን የአገሪቱ ሆስፒታሎች ደጋግመው አይተዋል። መለያው ከባድ አይደለም። ከጉዳቱ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ያቃታት ወይም የቁርጭምጭሚቷ አጥንት ሲጫኑት የሚያማት ልጅ ራጅ ያስፈልጋታል። ጉልበቷ ቀጭ ብሎ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ያበጠ ደግሞ በዚያ ቀን ወደ ሜዳ መመለስ የለባትም። የጅማት ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው በጥቂት ሆስፒታሎች ነው፤ ለገበሬ ልጅ ዋጋው የማይታሰብ ነው።

ፊሽካ ጨዋታ ይገድላል ለሚሉ አንድ ምሳሌ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2024 በአሜሪካ ኮሌጆች የሴቶች ግማሽ ፍጻሜ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲን (ዩኮንን) 71 ለ 69 ሲያሸንፍ፣ 3.9 ሰከንድ ሲቀር በዩኮኗ አሊያ ኤድዋርድስ ላይ የሕገወጥ ስክሪን (ተከላካይን የመከለል) ፋውል ተነፋ። «በዚያ ሰዓት አይነፋም» ተብሎ ለቀናት ተጮኸ። በመጀመሪያው ደቂቃ ፋውል የሆነ ነገር በመጨረሻው ሰከንድ ፋውል የማይሆንበት ምክንያት ግን የለም። ተመልካቹም አልሸሸም፤ ከሁለት ቀን በኋላ ደቡብ ካሮላይና አዮዋን 87 ለ 75 የረታበትን ፍጻሜ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው፤ የወንዶቹን ፍጻሜ ካየው ይበልጣል።

የኮሌጅ ውድድር የሚያዘጋጁ፣ ዳኛ የሚመድቡና ስፖርት የሚያስተምሩ ሁሉ ከሚቀጥለው ጨዋታ ጀምሮ ሁለት ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ደቂቃ ያለ ይቅርታ ቢያስነፉ ብዙ ይለወጣል፦ በማረፊያ ሥር የገባ እግርና ከትከሻ በላይ የሚያርፍ ክርን። ለሁለቱም አዲስ ሕግ አያስፈልግም፤ በሕጉ ተጽፈዋል።