የቴአትር ትኬት በዕጣ፤ መመለሻውስ?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የሚኖረው ሰው አብዛኛው እዚያ የገባው በዕጣ ነው። ቤት ሲደርሰው እልል ተባለ፤ ከፒያሳና ከመርካቶ መራቁን ያስታወሰው ግን ዕቃውን ጭኖ ከሄደ በኋላ ነው። ሀገር ፍቅርና ማዘጋጃ ቤት ፒያሳ፣ ራስ መርካቶ፣ ብሔራዊ ቴአትር ለገሀር አካባቢ ናቸው። አቃቂ ቃሊቲ ውስጥ ከነዚህ አንዱም የለም።

ታዲያ በዕጣ የራቀውን ተመልካች በዕጣ መመለስ አይቻልም?

ነገሩ በሌላው ዓለም ተሞክሯል። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 ብሮድዌይ የገባው «ሬንት» የፊት ረድፍ ወንበሮቹን በ20 ዶላር ሸጠ። ወጣቱ ለትኬት ደጅ ላይ ማደር ሲጀምር ሰልፉ ወደ ዕጣ ተቀየረ። «ሃሚልተን» በ2015 ዋጋውን 10 ዶላር አደረገው። እዚህ ላይ ልብ የሚባለው፣ ቅናሽ የተደረገው በኋላ ወንበር ላይ አለመሆኑ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው ፊት ተቀመጠ።

የእኛ ጉዳይ በአንድ ነገር ይለያል። እነሱ ዕጣ ያወጡት ወንበር ጠፍቶ ነው፤ እኛ ጋ ግን ባዶ ወንበር ማየት ብርቅ አይደለም። ባዶ ወንበር ደግሞ ሳንቲም አያስገባም። «ቅናሽ ከለመደ ማን ሙሉ ይከፍላል?» የሚል ሥጋት ይነሳል፤ ተገቢ ነው። መልሱ ዕጣውን ለጥቂት ወንበርና ዳር ላለ ክፍለ ከተማ ነዋሪ መወሰን ነው። ፒያሳ የሚኖር ሰው የአቃቂ መታወቂያ አያወጣም።

ሁለተኛው ጣጣ እምነት ነው። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የወጣበት የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቶ ተገኝቶ መሰረዙን የዚህ ከተማ ሰው አልረሳም። ስለዚህ ለሃያ ትኬት ኮምፒውተር አያስፈልግም። እንደ ዕቁብ፣ ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሰው እያየ ሕፃን ልጅ ያውጣው። ምዝገባው በወረዳ ወጣት ማዕከልና በፋብሪካዎች በር ላይ ይሁን፤ ቁልፍ ስልክ የያዘች ሠራተኛ በመተግበሪያ ሰበብ አትቅር።

ዋናው ግን መንገዱ ነው። በ11፡30 የሚጀምር ቴአትር ሲያልቅ መሽቷል። ቀላል ባቡሩ ከስታዲየም ቢነሳም ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ታክሲ ፍለጋ ነው። ትኬቱ ረክሶ መመለሻው ኮንትራት ከሆነ ቅናሹ ምን ሊረባ? የአቃቂ ፋብሪካዎች ሰርቪስ አላቸው፤ እሁድ ከሰዓት ብዙዎቹ ቆመው ነው የሚውሉት። ክፍለ ከተማው አንዱን አውቶቡስ መለመን ያቅተዋል? (ለስብሰባ ሲሆን መኪና ጠፍቶ አያውቅም።) ቴአትሩ ራሱ አቃቂ ይምጣ የሚሉም አሉ። ይምጣ፤ ግን ደህና መብራትና መድረክ ያለው አዳራሽ እስኪሠራ ትውልድ መጠበቅ የለበትም።

ዕጣው ደግሞ ለሁለት ሰው ይሁን። ማታ ቱሉ ዲምቱ ለምትገባ ሴት ሁለተኛው ትኬት ከቅናሹ ይበልጣል።