ሳንሱሩ ሄደ፤ አርታኢውስ ወዴት አለ?

እዚህ ካልጋሪ አንድ የማከብራቸው አዛውንት የትግል ዘመን ትዝታቸውን ረቂቅ ሰጡኝ። «አርታኢ አይቶታል፤ ከፍዬበታለሁ» አሉኝ። ሳነበው ግን አንድ ጓዳቸው በግንቦት 1969 ተገድሎ፣ ሁለት ምዕራፍ ቆይቶ በ1976 ስብሰባ ይመራል። ለካ ሞቱ በእኛ፣ ስብሰባው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው። አርታኢ የተባለው ሰው «ሀ»ን ወደ «ሐ» ከመለወጥ በቀር የነካው የለም።

ችግሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም። በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት እንደ አማረ ማሞ ያሉ አርታኢዎች ነበሩት። ያው ዘመን ግን የሳንሱርም ዘመን ነው። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ ታትሞ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 የደረሰበት ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ቀይ እስክሪብቶ የያዘ ሁሉ ሳንሱር መሰለን። በአዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱር ሲቀር አርታኢውንም አብረን ሸኘነው። ዛሬ ብዙው ደራሲ፣ በተለይ በስደት ያለው፣ ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አርሞ፣ ራሱ ያሳትማል።

በእኔ ሙያ፣ በምሕንድስና፣ ስሌቱን የሠራው ሰው ብቻውን አያጸድቀውም፤ ሌላ መሐንዲስ ያየዋል። ይህን እንደ ንቀት የሚቆጥር የለም፤ በድልድዩ የሚሻገር ሰው አለና።

የካናዳ አርታኢዎች ማኅበር ሥራውን በ4 ይከፍለዋል፦ የመጽሐፉን አወቃቀር ማስተካከል፣ አገላለጹን ማቃናት፣ ሰዋስውንና ወጥነቱን መፈተሽ፣ በመጨረሻም የኅትመት እርማት። አዛውንቱ ገንዘባቸውን ያወጡት ለአራተኛው ነበር፤ ያስፈለጋቸው ግን ከፊተኞቹ ነው።

እንግዲህ አርታኢ ስትፈልጉ አስቀድማችሁ የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ለዩ። ከመዋዋላችሁ በፊት 10 ገጽ ሰጥታችሁ ፈትኑት። ያ የፕሬስ አዋጅ በፈረንጅ መቼ እንደ ወጣም ጠይቁት። 8 ደምሮ 1993 ቢላችሁ ተጠንቀቁ፤ የወጣው በጥቅምት ስለሆነ የሚደመረው 7 ነው፤ 1992 ይሆናል። ከሚያሞግሳችሁም ይልቅ የሚጠይቃችሁን ምረጡ። የዚያ ትውልድ ምስክሮች እያለቁ ነው፤ ዛሬ ያልታረመ ስሕተት ነገ ማስረጃ ተብሎ ይጠቀሳል።

አዛውንቱ መጀመሪያ ተቆጡ። በሳምንቱ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ያ ጓዴ መቃብር እንኳ የለውም፤ የሞተበት ቀን በትክክል ይጻፍለት» አሉኝ።

ቸር ይግጠመን።