በልክ የተሰፋ ፕሮግራም

አሌክሳንድሪያ የሚኖሩት አጎቴ በወጣትነታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ከአባታቸው፣ ማለትም ከአያቴ ነው። አያቴ ሲያርፉ ለቀብራቸው የተጻፈው የሕይወት ታሪክ አሥራ አንድ ገጽ ነው። እዚህ አሜሪካ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆን እሱም አጎቴ ቤት ተቀምጧል፤ ከቤት አይወጣም።

አሁን የአጎቴ ዓይን እየደከመ ነው። ገጹን በስልክ ፎቶ አንስተን ስናጎላው መስመሩ ከስክሪኑ ይወጣል፤ ወዲያና ወዲህ ሲገፉት ይሰለቻሉ። «ለሙት ዓመቱ እኔ ራሴ እንዳነበው በትልልቅ ፊደል አድርግልኝ» አሉኝ። ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

እኔ እንደ ብዙዎቻችሁ እዚሁ የተወለድኩ ነኝ፤ አማርኛ ስተይብ አንድ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ስለዚህ ቴሰራክትን አሰብኩ። ቴሰራክት ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ነጻ ፕሮግራም ነው። ሂውሌት ፓካርድ ውስጥ በ1980ዎቹ ተጀምሮ በ2005 ለሁሉም ተከፈተ፤ አማርኛም ያነባል። የአጎቴ ላፕቶፕ ላይ ያለው ኡቡንቱ 22.04 የሚሰጠው 4.1.1ን ነው። እኔ ግን አምስተኛውን ፈለግሁ። እሱን ለማግኘት አንዱ መንገድ ፕሮግራሙን ከምንጩ መገንባት ነው። ሰው የጻፈውን ኮድ ኮምፓይለር የሚባለው መሣሪያ ኮምፒውተሩ ወደሚገባው ቋንቋ ይቀይረዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤቴ ባለው አዲስ ዴስክቶፕ ላይ ገነባሁት። ለኮምፓይለሩ ምንም ካልነገርነው እንዲህ ያለው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ በ«ኦ2» ይገነባል፤ መካከለኛ ፍጥነት ማለት ነው። እኔ ወደ «ኦ3» ከፍ አደረግሁት። በዚያ ላይ «ማርች ኔቲቭ» ጨመርኩ። ትርጉሙ «ለዚህ ኮምፒውተር ብለህ ሥራው፣ ይህ ፕሮሰሰር የሚያውቀውን ትእዛዝ ሁሉ ተጠቀም» ነው። በፍላሽ ይዤው በቀዩ ባቡር ተሳፈርኩ፣ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ቀየርኩ፣ ኪንግ ስትሪት ወረድኩ። በመንገድ ላይ ራሴን እንደ ጎበዝ ነበር የምቆጥረው።

አጎቴ ቤት ፕሮግራሙን አስነሳሁት። ወዲያው ሞተ። ስክሪኑ ላይ የቀረው «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» የሚል አንድ መስመር ነው።

ኢሊጋል የምትለዋን ቃል አጎቴ በደንብ ያውቋታል። «ምን ሕገ ወጥ ነገር ነው ቤቴ ያመጣኸው?» አሉኝ፤ ግማሹ ቀልድ አልነበረም። ማስረዳት ነበረብኝ፣ ያውም በአማርኛ። «ጋሼ፣ ፖሊስ የለበትም። ይኼ ላፕቶፕ የተገዛው በ2012 ነው። ፕሮግራሙ የሚጠቀምበት ኤቪኤክስ 2 የሚባል ትእዛዝ ኢንቴል ያወጣው በ2013 ነው። የእርስዎ ኮምፒውተር ያንን ትእዛዝ አያውቀውም፤ ስለዚህ ሥራውን አቆመው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ለካስ ራስህን ለክተህ ነው ለኔ የሰፋኸው» አሉኝ።

እኔ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። በነገራችን ላይ፣ ልብስ ሰፊው ሲለካ «ለካ» እንላለን፤ ያላወቅነውን ነገር ድንገት ስናውቅም «ለካ!» ወይም «ለካስ» እንላለን። አጻጻፋቸው አንድ ነው። ያን ቀን ሁለቱም ለኔ ተነገሩ።

እዚያው ላፕቶፑ ላይ እንደገና ልገነባው ተቀመጥኩ። ቸኩዬ ስለነበር «ሜክ» የሚባለውን ትእዛዝ «ጄ» ጨምሬ፣ ቁጥር ሳልጽፍ አስነሳሁት። ቁጥር ከሌለው ገደብ የለውም፤ የቻለውን ያህል ሥራ በአንድ ጊዜ ይጀምራል። አራት ጊጋ ባይት ሜሞሪ ያለው ላፕቶፕ ይህን አልቻለም፤ ማውሱ እንኳን ቆመ። አጥፍቼ አበራሁት፣ «ጄ2» ብዬ ጻፍኩ፣ ኮምፓይለሩንም በ«ኦ2» ተውኩት። አጎቴ ቡና አፈሉ። ቶናው ሳያልቅ ግንባታው አለቀ፤ ፕሮግራሙም ተነሳ።

«ያኛው በስንት ይበልጥ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። በፍጥነት ማለታቸው ነው። መልስ አልነበረኝም፤ ለክቼው አላውቅም ነበርና። ማታ ቤቴ ገብቼ በሁለቱም መንገድ ገንብቼ «ታይም» በሚባለው ትእዛዝ ለካሁ። መጀመሪያ ሁለቱ ፍጹም እኩል ሆኑ፤ ተገረምኩ። ስህተቱ የኔ ነበር። ሜክ የሚያየው ፋይሉ የተቀየረበትን ሰዓት እንጂ እኔ የቀየርኩትን ምርጫ ስላልሆነ፣ አሮጌውን ሥራ መልሶ ሰጠኝ። «ሜክ ክሊን» ብዬ እንደ አዲስ ስገነባ ልዩነት ታየ፤ በአንድ ገጽ ላይ ግን ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት ኮዱን ሳነብ ነው። ቴሰራክት ሲነሳ ፕሮሰሰሩን ራሱ ይጠይቃል፤ ኤቪኤክስ 2 ካለ ለከባዱ ስሌት እሱን ይጠቀማል፣ ከሌለ በሌላ መንገድ ይሠራል። እኔ በግድ ላደርገው የሞከርኩትን ሥራ ጸሐፊዎቹ አስቀድመው በጥንቃቄ ሠርተውታል። «ማርች ኔቲቭ» መጥፎ አይደለም፤ ፕሮግራሙ ከተገነባበት ኮምፒውተር የማይወጣ ከሆነ እኔም እጠቀምበታለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሥራ አንዱን ገጽ አስነበብነው። ፕሮግራሙ ጥሩ ያነባል፤ ፍጹም ግን አይደለም። ስለዚህ እኔ ጮክ ብዬ አነብባለሁ፣ አጎቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያርማሉ። አራተኛው ገጽ ላይ «አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ለፉ» ብዬ አነበብኩ።

«ምን አሉ?»

ወረቀቱን አየሁት፤ «ሰፉ» ነው የሚለው። ማሽኑ ሰን ለ ብሎ አንብቦታል፤ ቅርጻቸው ስለሚቀራረብ እኔም ሳልጠራጠር አለፍኩት። አጎቴ ሳቁ፣ ከዚያ ዓይናቸውን አበሱ። «ለፍተዋል እንጂ፣ እንዴት አልለፉም!» አሉ።

አረምኩት። ለሙት ዓመቱ በትልልቅ ፊደል ሠላሳ አራት ገጽ ሆኖ ታተመ፤ አጎቴም ቆመው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ራሳቸው አነበቡ። የቀረውን ለኔ ሰጡኝ።